ዓይነ ስውሩ ሸማኔና ሁለቱ ሱቆች

በሽሮ ሜዳ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ አንድ ሸማኔ ነበረ። በልጅነቱ ከጋሞ ደጋ መጥቶ ዕድሜውን ሙሉ ከሸማ ጉድጓድ ያልወጣ ሰው ነበረ። ሲሞት ለሁለት ልጆቹ የተወው ብዙ አይደለም፤ አስፋልት ዳር የተከራየው ጠባብ ሱቅ፣ ጓሮ ያለው የሸማ ዕቃ፣ ያልተከፈለ የፈትል ዕዳ። ከዚህ ሌላ ታናሽ ወንድሙን ትቶላቸዋል። እሳቸውም በሰፈሩ የተመሰከረላቸው ሸማኔ ነበሩ፤ ዓይናቸው ከጠፋ ግን ዓመታት አልፈዋል። ልጆቹ አባባ ይሏቸዋል።

ታላቅየው ሱቁን ያዘ፤ ታናሽየዋ ጓሮውን ከነሸማ ዕቃውና ከነአጎቷ ተረከበች። እሷ ልታሠራ፣ እሱ ሊሸጥ ተስማምተው ነበር። ነገር ግን የሱቁ ኪራይ ጨመረ፤ በእጅ የሚሠራው ደግሞ አልደርስ አለ። ታላቅየው ከመርካቶ የማሽን ጨርቅ እያመጣ ከእጁ ሥራ ጎን መስቀል ጀመረ። እህቱን ይህ አልጣማትም፤ የጓሮውን ሥራ ለብቻዋ መሸጥ ጀመረች። ተጣልተው አይደለም። ታላቅየውን በክፋት የሚያነሳ ካለ ነገሩን በቅርብ አላየውም ማለት ነው፤ ሰውየው ሁለት ልጆች ነበሩት፣ አከራዩም የሦስት ወር ቅድሚያ ይጠይቀው ነበር።

የሽሮ ሜዳ ገበያ ለጥምቀትና ለሠርግ ወቅት ይሞቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ሻጭ በር ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን የሚጣራበት ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚገዛው ባሕር ማዶ ያለው ወገን ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ሙሽራ፣ ፍራንክፈርት ያለ የክርስትና አባት፣ ቴል አቪቭ ለሲግድ በዓል ነጭ ልብስ የምትፈልግ እናት፣ ዱባይ ሠርታ ለእናቷ ጋቢ የምትልክ ልጅ። ሁለቱም እንደ ሰፈሩ ሁሉ ቴሌግራም ላይ ፎቶ ይለጥፉ ነበር፤ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብለው። ቴሌግራም ግን በአብዛኛው የሚያሳየው ቀድሞ ለተቀላቀለ ሰው ነው፤ ዛሬ የተለጠፈውም ቀሚስ በሳምንቱ በሌሎች ፎቶዎች ተገፍቶ ይጠፋል። የሱቁን ስም ሰምታ የማታውቅ ሙሽራ ሌሊት ስልኳን ይዛ የምትጠይቀው ጎግልን ነው። ስለዚህ ሁለቱም፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ ዌብሳይት ለማሠራት ተነሡ።

ታላቅየው ባለሙያ ቀጠረ። ባለሙያው አፈ ቅቤ ነው። «በአንድ ወር ጎግል ላይ አንደኛ አወጣሃለሁ» አለው። አንደኛነትን ማንም ለማንም ሊያረጋግጥ እንደማይችል ጎግል ራሱ በግልጽ ጽፎ አስቀምጧል፤ ታላቅየው ግን ይህን አያውቅም። የተሠራለት ገጽ ዓይን ይማርካል። ሲከፈት ሙዚቃ ይጀምራል፣ የእንጦጦ ተራራ ከሰማይ ሲታይ ያልፋል፣ ሞዴሎች በቀሚስ ይሽከረከራሉ። የጨርቁ ዓይነት፣ ዋጋው፣ ስልክ ቁጥሩ ሳይቀር የተጻፈው ፎቶው ላይ፣ በወርቃማ ፊደል ነው። ያየው ሁሉ አደነቀ። በሁለተኛው ወር ከውጭ ትእዛዝ መጣ። ባለሙያው ያለው ደረሰ፤ ታላቅየውም የቀረውን ክፍያ በደስታ ከፈለ።

ታናሽየዋ ያን ያህል ገንዘብ አልነበራትም። ኮምፒውተር የሚማር የጎረቤት ልጅ በዎርድፕረስ አንድ ገጽ ሠራላት። አድራሻውን በራሷ ስም አስመዘገበች፤ በስልኳ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ደረደረች። ሳምንታት አለፉ። የመጣ ሰው የለም።

አንድ ምሽት አባባ «እስቲ ሱቅሽን ልየው» አሏት። አባባ ስልክ አላቸው፤ ጣታቸው የነካውን ሁሉ ጮክ ብሎ የሚያነብ። ጋዜጣ የሚሰሙት፣ ከዘመድ መልእክት የሚቀበሉት በእሱ ነው። ገጹን ከፈተችላቸው። ስልኩ አንድ ቃል አነበበ፤ «መነሻ»። አባባ ጣታቸውን አንሸራተቱ።

«ምስል። አይ ኤም ጂ ሁለት ሺህ አርባ አንድ።»

አሁንም አንሸራተቱ።

«ምስል። አይ ኤም ጂ ሁለት ሺህ አርባ ሁለት።»

እስከ ገጹ መጨረሻ ድረስ እንዲሁ ሄደ። ሌላ ገጽ ስትከፍትላቸውም ስልኩ መጀመሪያ ያለው «መነሻ» ነው። ሦስተኛውም «መነሻ»።

«ልጄ፣» አሉ አባባ፣ «ጨርቁ የት አለ?»

«ፎቶው ውስጥ ነው አባባ።»

«እኔ ፎቶው ውስጥ መግባት አልችልም። አንቺ አውጥተሽ ስጪኝ።»

በእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ አጭር ጽሑፍ የሚቀመጥበት ቦታ አለ፤ ባለሙያዎች ኦልት ቴክስት ይሉታል። ለሚያይ ሰው አይታይም፤ የአባባ ዓይነት ስልክ ግን የሚያነበው እሱን ነው። ጽሑፉ ጨርሶ ሳይኖር ሲቀር ብዙ ጊዜ የፎቶውን የፋይል ስም ያነባል። ታናሽየዋ ይህን ስታውቅ አፈረች፤ እዚያው ምሽት የመጀመሪያውን ፎቶ ይዛ ተቀመጠች። «የሚያምር ነጭ ጋቢ» ብላ ጻፈችና አነበበችላቸው።

«ማማሩን እኔ ልወስን» አሉ። «አንቺ ያለውን ንገሪኝ። ስንት ድርብ ነው? ጥጡ በእጅ የተፈተለ ነው ወይስ የፋብሪካ? ጥለቱስ?»

ደግማ ጻፈች፤ «አራት ድርብ ጋቢ፤ በእጅ ከተፈተለ ጥጥ በሸማ ዕቃ የተሠራ፤ ጥለቱ ሁለት ጣት የሚሆን፣ አረንጓዴና ወርቃማ፤ ጫፉ በእጅ የተቋጨ።» አባባ ጨርቁን ራሱን ጭናቸው ላይ አድርገው እየዳሰሱ አዳመጡ። «ጥለቱ ሦስት ጣት ነው» አሉ። ለካች። ሦስት ጣት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሥራቸው ይህ ሆነ። የፋይሉ ስም ከቁጥር ወደ ቃል ተለወጠ። እያንዳንዱ ገጽ የራሱን ርእስ አገኘ፤ አንዱ «በእጅ የተሠራ ጋቢ፣ ሽሮ ሜዳ»፣ ሌላው «የሙሽራ ቀሚስ በልክ»። አባባ ገጹ እንደተከፈተ መጀመሪያ የሚሰሙት ይህን ርእስ ነው፤ ጎግልም ላይ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያየው በአብዛኛው እሱኑ ነው። ዋጋው ከውስጥ መስመር ወጥቶ ከጨርቁ ሥር ተጻፈ። አባባ አንድ ቀን ደግሞ «ሱቅሽ ካርድ ይበላል» አሏት። እውነታቸውን ነው፤ ከስልክ በቀጥታ የተጫነው እያንዳንዱ ፎቶ ብዙ ሜጋባይት ነበር፣ በአንድ ገጽ ላይ ደግሞ ደርዘን ፎቶ አለ። የጎረቤቱ ልጅ እያንዳንዱን ከ200 ኪሎባይት በታች አወረደው። የጎግል መለኪያ የገጹ ዋና ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይሻል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለስልክ የሚመቹ ገጾችን በስልክ ፍለጋ ላይ ማስቀደም ጀምሯል። ታናሽየዋ ይህን ሕግ አታውቀውም። የምታውቀው የአጎቷን ካርድ ነው።

ሳታውቀው ግን ለሌላ አንባቢም እየጻፈች ነበር። ጎግል በዓለም ላይ ያሉትን ገጾች እየዞረ የሚያነብለት ፕሮግራም አለው፤ ጎግልቦት ይባላል። እሱም እንደ አባባ ነው። በጭፈራውና በተራራው አይማረክም፣ ርእሱንና ጽሑፉን ይዳስሳል፣ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው የሚያሻግረውን ሊንክ ይዞ ይሄዳል። ዛሬ ከፎቶ ራሱ አንዳንድ ነገር የመለየት ችሎታ አለው፤ ቢሆንም ስለ ፎቶው ለማወቅ የኦልት ቴክስቱንና በዙሪያው የተጻፈውን ይጠቀማል። ዝም ያለ ገጽ ለሁለቱም ዝም ያለ ነው።

አሁንም የመጣ ሰው የለም። ይህን ሲተርኩ የሚዘሉት አሉ፤ ቀና ሥራ ወዲያው ዋጋውን ያገኘ እንዲመስል። እውነቱ ግን ታናሽየዋ ወራት ሙሉ ጽፋ አንድም እንግዳ አላየችም። በመጨረሻ የጎረቤቱ ልጅ ሰርች ኮንሶል የሚባለውን የጎግል ነፃ መሣሪያ ከፍቶ ሲያይ ደነገጠ። ዎርድፕረስ ውስጥ፣ ማስተካከያው ገጽ ላይ፣ መፈለጊያዎች ይህን ዌብሳይት እንዳይመዘግቡ የምትነግር አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ገጹ ገና በሥራ ላይ ሳለ ምልክት አድርጎባት ነበር፤ ሲያልቅ ማንሳቱን ረሳ። ጎግልቦት መጥቶ፣ «አትመዝግብ» የሚለውን አንብቦ፣ ታዝዞ ሄዷል። ልጁ እያለቀሰ ነበር ይባላል። ምልክቱን አነሳ፣ የገጾቹን ዝርዝር ሳይትማፕ በሚባለው ፋይል አዘጋጅቶ ላከ። አባባ «ሰው ለራት ጠርተን በሩን ቆልፈን ነበራ» አሉና ሌላ አልተናገሩም።

በሩ ከተከፈተ በኋላ እንግዶች አንድ በአንድ መጡ፤ ጥያቄም ይዘው መጡ። ታናሽየዋ ደብተር ገዛች። በስልክም በጽሑፍም የሚጠይቋትን፣ በጠያቂው ቃል፣ ሳታቃና ትመዘግባለች። አንዷ «ሐበሻ ቀሚስ» ብላ ትጽፋለች፣ አንዷ «ሀበሻ»፣ ሌላዋ «አበሻ»፤ ውጭ የተወለዱት በላቲን ፊደል ይጽፋሉ፣ እሱም አጻጻፉ የተለያየ ነው። በጣም የሚደጋገሙት ጥያቄዎች ግን ጥቂት ናቸው። ልኬ እንዴት ይወሰዳል? ታጥቦ ቀለሙ ይለቃል? ለጥምቀት እንዲደርስ መቼ ልዘዝ? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በእጅ የተሠራ መሆኑን በምን ዐውቃለሁ?

ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ አወጣች። የልኩ ገጽ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት እንዴት እንደሚለካ በሴንቲሜትርም በኢንችም ይናገራል፤ አሜሪካ ያለው ሰው መለኪያው ኢንች ነውና። የአጠባው ገጽ በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና፣ በእጅ፣ ጥላ ሥር ማስጣት ይላል። እንግሊዝኛውን ለትርጉም ማሽን አልተወችውም፤ ፍራንክፈርት ያለች የአክስቷ ልጅ ለብቻው ጻፈችላት። የመጨረሻውን ጥያቄ የመለሱት ግን አባባ ናቸው፤ ተናገሩ፣ እሷ ጻፈች። ጥለቱን ገልብጦ ጀርባውን መዳሰስ፣ የእጅ ሥራ ከክንድ ክንድ በጥቂቱ እንደሚለያይ፣ የማሽኑ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ እንደሆነ፣ ድርና ማግ በጣት እንዴት እንደሚለዩ። በዚያ ገጽ ላይ «ግዙን» የሚል ቃል የለም።

ያ ገጽ ራሱን ችሎ ሄደ። ጀርመን ያሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ለመዘምራን ልብስ ሲያዝዙ በገጻቸው ላይ አያያዙት። የሠርግ ዝግጅት የምትሠራ አንዲት ሴት ለደንበኞቿ «መጀመሪያ ይህን አንብቡ» ብላ ሊንኩን አስቀመጠች። ስለ ሽመና የሚያስተምር መምህርም እንዲሁ።

ይህ ለምን ኃይል እንዳለው መናገር ያስፈልጋል። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ ያሰቡት፣ በ1998 እ.ኤ.አ. ጎግልን ሲመሠርቱ ይዘውት የተነሡት ሐሳብ ይህ ነው፤ አንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ ሲያመለክት ምስክር ሆነለት ማለት ነው፤ የሚመሰክረውም ራሱ የተመሰከረለት ሲሆን ቃሉ ይከብዳል። በአገራችን ዋስ የሚጠራ ሰው ይህን ለመረዳት ስታንፎርድ መግባት አያስፈልገውም። ዋሱ ማን ነው ተብሎ ይጠየቃል። ለታናሽየዋ የቆሙት ዋሶች ከፍለው ያመጧቸው አልነበሩም፤ ጥያቄያቸው የተመለሰላቸው ሰዎች ናቸው።

ሰፈሩ ውስጥ ለሚፈልጋትም እንዲሁ አደረገች። በአዲስ አበባ ቤት በቁጥር ፈልጎ የሚያገኝ ማን አለ? ስለዚህ የጓሮው በር ላይ ቆማ በጎግል ካርታ ላይ ቦታዋን በትክክል ምልክት አደረገች፤ ስሟንና ስልኳን በዌብሳይቱ፣ በካርታው፣ በቴሌግራሙ አንድ ዓይነት አድርጋ ጻፈች፣ የምትዘጋባቸውን በዓላት ጨመረች። በካርታው ላይ የምትሸጠውን ዕቃ ከሱቋ ስም ጋር አልቀጠለችም፤ የሱቋ ስም የሱቋ ስም ነው።

በዚህ መሃል ታላቅየው ወደቀ።

ቀስ ብሎ አይደለም። ለሠርግ ወቅት ጨርቅ በብድር አስገብቶ ሲጠብቅ ትእዛዙ ባንድ ጊዜ ደረቀ። «የሐበሻ ቀሚስ» ብሎ ጎግል ላይ ፈለገ፤ የለም። የራሱን ሱቅ ስም ጻፈ፤ አሁንም የለም። ባለሙያው ስልክ አያነሳም። አመሻሹ ላይ ወደ ጓሮ መጣና እህቱ ፊት ቆመ።

«ያንቺን ስጽፍ ትመጪያለሽ፤ የእኔን ስጽፍ የለሁም። ምን አድርጌ ነው?»

መልስ አልነበራትም። አባባ ግን ስልካቸውን አወጡና «እስቲ ያንተንም ልየው» አሉ።

ገጹ ተከፈተ፤ ሙዚቃው ጀመረ። አባባ አጠፉት። ጣታቸውን አንሸራተቱ፤ «ምስል»፣ «ምስል»፣ «ምስል»። ወደ ገጹ ግርጌ ሲደርሱ ስልኩ ትንሽ ቆመና በዚያ በማይለወጥ ድምፁ ማንበብ ጀመረ።

«የሐበሻ ቀሚስ የሐበሻ ቀሚስ ርካሽ የሐበሻ ቀሚስ ምርጥ የሐበሻ ቀሚስ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ በእጅ የተሠራ የሐበሻ ቀሚስ ዲሲ የሐበሻ ቀሚስ ዱባይ የሐበሻ ቀሚስ…»

ታላቅየው ስልኩን ተቀብሎ አየ። ምንም የለም፤ ነጭ ባዶ ቦታ ነው። «ስልኩ ተበላሽቷል» አለ። እህቱ ወሰደችውና ጣቷን በባዶው ቦታ ላይ ጫን አድርጋ ጎተተች። ሰማያዊው ምልክት ሲያልፍበት ፊደላቱ ከነጩ ውስጥ ወጡ፤ ነጭ በነጭ ላይ የተጻፉ፣ መስመር ከመስመር የተነባበሩ። ለሚያይ ሰው ተደብቀው፣ ለጎግልቦት ብቻ የተቀመጡ ነበሩ። ለዓይነ ስውር ግን አልተደበቁም። አባባ ስልኩን መልሰው ተቀብለው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከመጨረሻው አካባቢ የታናሽየዋ ሱቅ ስም ነበር፤ ሦስት ጊዜ።

በጓሮው ውስጥ ጸጥ አለ።

«ይህን ማን አለ?» ጠየቁ አባባ።

«እኔ አላልኩም አባባ። በአባቴ አጥንት፣ አላየሁትም።»

«አምንሃለሁ። የተባለው ግን በአንተ ቤት ነው፤ በአንተ ስም ነው።»

የቀረው ቆይቶ ተሰማ። ባለሙያው ከማይታወቁ ገጾች በገንዘብ ሊንክ ገዝቶ ነበር፤ አድራሻቸው እንኳ ከልብስ ጋር የማይገናኝ ገጾች። በካርታው ላይም ሱቁን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች አምስት አምስት ኮከብ ሰጥተዋል። ይህ ሁሉ አዲስ ዘዴ አይደለም። መኪና ሠሪው ቢኤምደብሊው እንኳ የጀርመን ገጹ ለመፈለጊያው አንድ ነገር፣ ለሰው ሌላ ነገር እያሳየ በመገኘቱ በየካቲት 2006 እ.ኤ.አ. ጎግል ከዝርዝሩ አውጥቶት ነበር፤ ካስተካከለ በኋላ ተመለሰ። በገጹ ኮድ ውስጥ ቃላት ይታጨቁበት ለነበረው የድሮ ቦታ፣ ሜታ ኪወርድ ለሚሉት፣ ደረጃ ሲሰጥ ምንም ዋጋ እንደማይሰጠው ጎግል በ2009 እ.ኤ.አ. በይፋ ተናግሯል። በሚያዝያ 2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፔንግዊን የተባለውን ለውጥ አወጣ፤ በተገዛ ዋስ ላይ የቆሙ ብዙ ገጾች በዚያ ወቅት ወድቀዋል። ባለሙያው ይህን የማያውቅ አይመስለኝም። የሚያውቀው ሌላም ነገር አለ፤ ተንኮሉ ለጥቂት ወራት ሊሠራ እንደሚችል፣ ክፍያው ደግሞ እነዚያ ወራት ሳያልቁ እንደሚገባ።

የዚህ ዓይነቱ ሥራ እኔን የሚያሳዝነኝ ጎግልን ስላታለለ አይደለም። ሌሊት ስልኳን ይዛ የምትፈልግ ሙሽራ አለች፤ «በእጅ የተሠራ» የሚለውን አምና የመጣችው እሷ ናት፤ የማሽን ጨርቅ የደረሳትም እሷ ናት።

ገጹ የራስ ቢሆን መፍትሔ ነበረው። የተደበቀውን ማጥፋት፣ የተገዙትን ሊንኮች መካድ፣ በሰርች ኮንሶል በኩል ለጎግል የዳግም ምርመራ ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል፤ ጊዜ ቢወስድም ሊመለስ ይችላል። ታላቅየው ግን አድራሻው በማን ስም እንደተመዘገበ ሲያጣራ በባለሙያው ስም ሆኖ አገኘው። ፓስዋርዱም በእሱ እጅ ነው። አባቱ የሠራበትን የሱቁን ስም የያዘ አድራሻ መልሶ ለማግኘት ገንዘብ ተጠየቀ፤ የጨርቅ ብድር ያለበት ሰው ያን ያህል ከየት ያመጣል።

ሦስተኛው ቀን ላይ ተመለሰ። እህቱን «ያንቺ ገጽ ላይ አስገቢኝ» አላት። የጠየቀው በልመና አልነበረም፤ ዓይኗን ግን አላየም።

«አስገባሃለሁ» አለችው። «ስለ እያንዳንዱ ዕቃ ግን ለአባባ ትነግራቸዋለህ። እሳቸው የተረዱትን ብቻ ነው የምጽፈው።»

አባባ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። እሷ የጎረቤቱን ልጅ ኮምፒውተር ጭኗ ላይ አደረገች። ታላቅየው የመጀመሪያውን ቀሚስ ዘረጋና ጀመረ፤ «ጥራቱን የጠበቀ፣ ዘመናዊ፣ ልዩ፣ ለክብርዎ የሚመጥን…»

«አልታየኝም» አሉ አባባ።

ዝም አለ። ቀሚሱን ወደ ራሱ ሳበና እጁን በጨርቁ ላይ አሳለፈ። ይህ ሰው ከመሸጡ በፊት ሸማኔ ነበር፤ በሰባት ዓመቱ ለአባቱ ማግ ያጠነጥን ነበር። ቀስ ብሎ፣ ከፊቱ ያለውን ብቻ እየተናገረ ሄደ። መነን ነው አለ። ጥለቱ ከደረት ጀምሮ እስከ ግርጌ ይወርዳል፤ መስቀሎቹ ሰባት ናቸው፤ ከላይ ቀይ ሆነው ወደ ታች ወደ ቡና ዓይነት ይጠቁራሉ፤ አራተኛው መስቀል በጥቂቱ ያዘነብላል፤ ሸማኔው አዲስ መብራት ያስገባበት ቀን ነበር፤ ጠዋትና ማታ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሲሠራ አውቀዋለሁ አለ። ክብደቱን ተናገረ፤ ከታጠበ በኋላ ስንት ጣት እንደሚያጥር ተናገረ፤ ነፍሰ ጡር ሴት ብትለብሰው የት ቦታ ላይ ማስፋት እንደሚቻል ተናገረ። እህቱ ለመጻፍ አልደረሰችበትም፤ ሁለቴ «ቆይ፣ ቆይ» አለችው። አባባ አላቋረጡትም። አንድ ጊዜ ብቻ እጃቸውን ዘርግተው አራተኛውን መስቀል ፈለጉ፤ አገኙትም።

ስድስት ቀሚስና ሁለት ጋቢ ተጻፈ። ከዚያ በኋላ ታላቅየው ጥግ ላይ ወዳለው ክምር ዞረ፤ በብድር ወደ አስገባው ጨርቅ። አንዱን አንሥቶ ያዘና ቆመ።

«ይህን ምን ልበል?»

«ምንድን ነው?» አሉ አባባ።

«የማሽን ነው።»

«የማሽን ነው በላ። የሚለበሰው ሁሉ የእጅ ይሁን ያለ የለም፤ ለዕለት የሚፈልግ አለ፣ አቅሙ ለዚህ የሚበቃ አለ። ዋጋውን ንገራት።»

ዋጋውን ነገራት፤ የእጁን ሥራ ሲሶ እንኳ አይደርስም። እህቱ ጻፈች፤ «የማሽን ጨርቅ፤ ጥለቱ በፋብሪካ የታተመ፤ ለዘወትር የሚሆን፤ በማሽን መታጠብ ይችላል።» ቀና ብላ አየችው። «ርእሱንም የማሽን ልበለው?»

«በይው» አላትና ሁለተኛውን ጨርቅ አነሣ።